ሁለት መቶ ጥይት ምን ይመሰክራል?

እ.ኤ.አ. በ2014 መጀመሪያ ላይ፣ ከ1816 ጀምሮ ጠመንጃ ሲሠራ የኖረው የአሜሪካው ሬሚንግተን ኩባንያ አር51 የሚባል አዲስ ከፊል አውቶማቲክ ሽጉጥ ይዞ ብቅ አለ። ሽጉጡ ቀጭን ነው፤ ለወገብ አይከብድም። ዋናው አሠራሩ ጆን ፒደርሰን የተባለው መሐንዲስ ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት ከነደፈው ሞዴል 51 የተወረሰ ስለሆነ የሚተረክ ታሪክም ነበረው። ቀድመው የመተኮስ ዕድል ያገኙ የመጽሔት ጸሐፊዎች አወደሱት። ለእጅ ይመቻል፣ ርግጫው ለስላሳ ነው አሉ። ሽጉጡ ሱቅ ገብቶ ተራው ገዢ በገዛ ገንዘቡ መተኮስ ሲጀምር ግን ሌላ ወሬ መጣ። ይነክሳል፤ ጥይት አልጎርስም ይላል፤ የላይኛው ተንሸራታች ብረቱ ይሻክራል፤ ይባስ ብሎ በደንብ ሳይዘጋ የሚተኩስም ተገኘበት። በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ ኩባንያው የገዙት ሰዎች ሽጉጡን መልሰው ምትክ እንዲወስዱ ጥሪ አደረገ። የታረመው አር51 ለገበያ የቀረበው በ2016 ሲሆን፣ ያኔ ስሙ አንዴ ጠፍቶ ነበር።

እነዚያ የመጀመሪያ ገምጋሚዎች ዋሹ የሚል ክስ የለኝም። የጻፉት የተሰማቸውን ነው። መጠየቅ ያለበት የተሰማቸው ነገር ስለ ምን ይመሰክራል የሚለው ነው። አንድ ሰው አዲስ ሽጉጥ ይዞ ወደ ተኩስ ሜዳ ሲሄድ የሚያገኘው መረጃ በአብዛኛው ስለ ራሱ እጅ ነው። መያዣው መዳፉን ሞላው ወይስ አልሞላውም፤ ጣቱ ቃታው ላይ በትክክል ያርፋል ወይስ ጫፉ ብቻ ይነካዋል፤ ሲተኩስ አፈሙዙ ምን ያህል ይዘላል፤ ማነጣጠሪያው ለዓይኑ ጎልቶ ይታያል ወይስ ይደበዝዛል። እነዚህ ሁሉ እውነተኛ መረጃዎች ናቸው፤ ለገዢውም ይጠቅማሉ። ነገር ግን የሰውና የዕቃ የመጀመሪያ ሰላምታ ናቸው። የገበያ በቅሎ ሜዳ ላይ ስትረግጥ ያላማረባት የለችም፤ ገዢ ግን ዳገቱንም ቁልቁለቱንም ሳያሳያት ገንዘቡን አይቆጥርም። ሽጉጥ ላይ ሲሆን ይህ ጥንቃቄ ተረስቶ፣ ከሁለትና ከሦስት ሣጥን ጥይት በኋላ «እንከን የለሽ» የሚል ፍርድ ይሰጣል፤ ከፍርዱ ማግስት ደግሞ ባለቤቱ ቃታውን፣ ሞላውን፣ አፈሙዙን መቀያየር ይጀምራል። የእኔ ክርክር ይህ ቅደም ተከተል የተገለበጠ ነው የሚል ነው። የመጀመሪያው ተኩስ ስለ መሣሪያው አስተማማኝነት የሚናገረው ጥቂት ሲሆን፣ በዚያ ጥቂት ላይ ተመሥርቶ ሽጉጡን መቀያየር ደግሞ ያለውንም ማስረጃ ያጠፋል።

ጥቂት ስል ምን ያህል ጥቂት እንደሆነ በቁጥር ማየት ይቻላል። የስታቲስቲክስ ሰዎች የሚጠቀሙበት ቀላል ስሌት አለ። አንድ ነገር ተሞክሮ ተሞክሮ አንድም ጊዜ ካልተበላሸ፣ ሦስትን ለሙከራው ብዛት ያካፍሉታል፤ የሚገኘው ቁጥር በ95 በመቶ እርግጠኝነት የብልሽቱ መጠን ሊደርስበት የሚችለው ጣሪያ ነው። ሁለት መቶ ጥይት ያለምንም እንከን የተኮሰ ሽጉጥ በዚህ ስሌት ጣሪያው 1.5 በመቶ ይሆናል። በሌላ አነጋገር ሽጉጡ በየ67 ጥይቱ አንዴ የሚነክስ ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ የሁለት መቶው ጥይት ሙከራም ይህን ውድቅ አያደርገውም። አሥራ አምስት ጥይት በሚይዝ ካዝና ቢታሰብ በየአራትና በየአምስት ካዝናው አንድ ብልሽት ማለት ነው። አምስት መቶ ጥይት ጣሪያውን በየ167 ጥይቱ ወደ አንድ ብልሽት ያወርደዋል። ከሺህ አንድ ላይ ለመድረስ ግን ሦስት ሺህ ጥይት ያለ እንከን መተኮስ ይኖርበታል። «ሁለት መቶ ተኩሼ አንድም አልከሸፈብኝም» የሚለው ዓረፍተ ነገር እውነት ሆኖ ሳለ ከውስጡ የሚወጣው እምነት ከሚገባው በላይ የሚሆነው ለዚህ ነው። አንዳንድ አምራቾች ራሳቸው ይህን ያውቃሉ። ካር የተባለው የአሜሪካ አምራች ሽጉጦቹ ሁለት መቶ ጥይት ሳይተኮስባቸው ለራስ መከላከያ እንዳይታመኑ በመመሪያው ይጽፋል። ስለዚህ ብዙው የመጀመሪያ ግምገማ የሚያበቃው፣ አምራቹ መቁጠር ጀምሩ በሚልበት ቦታ ነው።

የጦር ሠራዊቶች ታሪክ ይህን በደንብ ያሳያል፤ ምክንያቱም ሠራዊት ገንዘብም ጥይትም ጊዜም አለው። የአሜሪካ ጦር በ1911 የጆን ብራውኒንግን ባለ 45 ሽጉጥ ከመቀበሉ በፊት ስድስት ሺህ ጥይት አስተኩሶበታል፤ ብረቱ ሲግል ውኃ ውስጥ እየነከሩ ያቀዘቅዙት ነበር። ኮልት ኩባንያ የሠራው ይህ የብራውኒንግ ሽጉጥ ያለ እንከን ጨረሰ፤ ተወዳዳሪው ሳቬጅ ግን 37 ጊዜ ተበላሸ። በአንድ መቶኛው ወይም በሁለት መቶኛው ጥይት ላይ ቢቆም ኖሮ ሁለቱ ሽጉጦች ምናልባት እኩል ይመስሉ ነበር። ሙከራው ረጅም መሆኑም ሁሉን አያሳይም። በ1985 ተመርጦ ኤም9 የተባለው የቤሬታ ሽጉጥ ብዙ ፈተና አልፎ የገባ ቢሆንም፣ በ1987 እና በ1988 ብዙ ጥይት በተተኮሰባቸው አንዳንዶቹ ላይ ተንሸራታቹ ለሁለት ተሰብሮ የኋላው ክፍል ተኳሹን ፊቱ ላይ መታው። ፋብሪካው ተንሸራታቹ ቢሰበር እንኳ ወደ ኋላ እንዳይወረወር የሚያግተውን የመዶሻውን ፒን አሳድጎ አስተካከለው፤ ከዚያ በኋላ ሽጉጡ ከሠላሳ ዓመት በላይ አገለገለ። ማንም የመጀመሪያ ቀን ተኳሽ ይህን ጉድለት ሊያየው አይችልም ነበር። የተደበቀው በሺዎች ከሚቆጠር ጥይት በኋላ ነውና።

ከሁሉ በላይ የሚያስተምረው ግን ሲግ ሳወር በ2014 ያወጣው ፒ320 ነው። ሽጉጡ ገና ሲወጣ የተወደደው በሁለት ነገር ነበር፤ በለስላሳ ቃታውና ክፍሎቹን እንደ ልብስ በመቀያየር አመቺነቱ። ቁጥር ያለበት፣ በሕግ ፊት እንደ መሣሪያ የሚቆጠረው ትንሽዋ የውስጥ ክፍል ብቻ ስለሆነች፣ ባለቤቱ መያዣውን፣ ተንሸራታቹን፣ አፈሙዙን እንደፈለገ ይቀይራል። የአሜሪካ ጦር በጃንዋሪ 2017 እስከ 580 ሚሊዮን ዶላር በሚደርስ ውል ኤም17 እና ኤም18 ብሎ መረጠው። በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ግን ለሲቪል የተሸጠው ዓይነት ጀርባው በተወሰነ ማዕዘን መሬት ሲመታ ሊተኩስ እንደሚችል ታወቀ፤ ኩባንያውም የቃታውን ክፍሎች ይበልጥ ቀላል በሆኑት በነፃ እለውጣለሁ አለ። ከዚያ ወዲህ ቃታ ሳይነካ ተኮሰብን የሚሉ ከሳሾች ፍርድ ቤት ሞልተዋል። በ2024 በጆርጂያና በፊላደልፊያ የሕዝብ ዳኞች (ጁሪ) በኩባንያው ላይ ፈርደዋል፤ ሌሎች ክሶች ደግሞ ውድቅ ተደርገዋል። ኩባንያው ቃታው ሳይሳብ ሽጉጡ አይተኩስም በሚል አቋሙ ጸንቷል። ክርክሩ ያልተዘጋ ስለሆነ እኔ እዚህ ላይ ፍርድ አልሰጥም። ልብ ሊባል የሚገባው ሌላ ነገር ነው። በመጀመሪያው ቀን «እንዴት ያለ ለስላሳ ቃታ!» ያሰኘው ክፍልና ከዓመታት በኋላ ፍርድ ቤት ያደረሰው ክፍል አንድ ቤተሰብ ናቸው። በእጅ ሲዳሰስ የሚያስደስተው ነገር ጥሩ ለመሆኑ መዳሰሱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

በዚሁ ሽጉጥ ላይ የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር የሙከራ ጽሕፈት ቤት በ2018 መጀመሪያ ያወጣው ሪፖርት ደግሞ ለእኛ ጉዳይ የተጻፈ ይመስላል። መሥፈርቱ በአማካይ በሁለት ሺህ ጥይት ከአንድ ብልሽት በላይ እንዳይኖር ይጠይቅ ነበር፤ በተራው የጦር ጥይት ሲተኮስ ግን ኤም17 በየ350 ጥይቱ ገደማ አንዴ ተስተጓጎለ። የመስተጓጎሉ ከግማሽ በላይ ደግሞ ከአንድ ነገር የመጣ ነበር፤ የመጨረሻው ጥይት ሲያልቅ ተንሸራታቹ ወደ ኋላ ተከፍቶ አልቆም ማለቱ። የዚህም ምክንያት ሆኖ የተጠቀሰው ተኳሾቹ ሠልጥነው የለመዱት አያያዝ ነው። አውራ ጣታቸው የተንሸራታቹ ማቆሚያ ላይ እያረፈ ወደ ላይ እንዳይነሣ ይጫነው ነበር። አሁን ይህ የገጠመው አንድ ተራ ባለቤት ነው እንበል። ካዝናውን ይወቅሳል፤ የካዝናውን ሞላ ይቀይራል፤ ከዚያ ትልቅ ማቆሚያ ገዝቶ ይገጥማል፤ አዲሱ ማቆሚያ ደግሞ ይበልጥ ለአውራ ጣት ይጋለጣል። ገንዘብ ወጣ፣ ዕቃ ተቀየረ፣ ብልሽቱ ባሰ፤ ጣቱ ግን እዚያው ነው።

የመቀያየር ገበያው የሚኖረው በዚህ ዓይነት ስሕተት ላይ ነው ብል የማጋነን አይመስለኝም። በጣም የተለመደውን ምሳሌ እንውሰድ። ቀኝ እጁን የሚጠቀም ጀማሪ ተኳሽ ዒላማው ላይ ጥይቶቹ ወደ ግራና ወደ ታች ተሰብስበው ያገኛቸዋል። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ቃታውን ቀስ አድርጎ ከመጭመቅ ይልቅ ድንገት መንጠቁ፣ ወይም የሚመጣውን ርግጫ ፈርቶ እጁን አስቀድሞ ወደ ታች መግፋቱ ነው። ይህን ያስተካክላል ብሎ የኋላ ማነጣጠሪያውን ወደ ቀኝ ይገፋዋል። ለዚያች ቀን ይሠራል። ከወራት በኋላ እጁ ሲሠለጥን ጥይቱ ወደ ቀኝ መሄድ ይጀምራል፤ ያኔ ሽጉጡ ተበላሸ ይላል። ከዚህም የከፋው የውስጡ ሥራ ነው። ቃታ እንዲቀልል መቺውን መርፌ የሚገፋው ሞላ በደካማ ሞላ ሲተካ፣ በቀልሃው ቂጥ ያለችው ማቀጣጠያ የምትመታበት ኃይል ይቀንሳል። ማቀጣጠያዋ ለስላሳ በሆነችበት ጥይት ምንም አይታይም፤ ጠንከር ባለችበት ጥይት ግን ይከሽፋል። ባለቤቱ የሚለማመደው በአንዱ ዓይነት ጥይት፣ ለክፉ ቀን ካዝናው ውስጥ የሚያስቀምጠው በሌላው ዓይነት ከሆነ፣ የተከሰተውን ለውጥ የሚያውቀው በዚያ ክፉ ቀን ይሆናል። ዋናው ጉዳት ደግሞ የማስረጃ ጉዳት ነው። ሽጉጡ ከፋብሪካ እንደወጣ ቢተኮስና ቢነክስ ጥፋተኛው ከሦስት አንዱ ነው፤ ሽጉጡ፣ ጥይቱ ወይም ተኳሹ። በመጀመሪያው ሳምንት አራት ክፍል ከአራት አምራች ተገዝቶ ከተገጠመበት ግን ተጠርጣሪው ሰባት ይሆናል። ፋብሪካውም የኔ ሥራ አይደለም ብሎ ዋስትናውን ሊያነሣ ይችላል።

በዚህ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች ቀላል አይደሉም። የመጀመሪያው የሰው እጅ አንድ አይደለም የሚል ነው፤ ትክክል ነው። ትንሽ መዳፍ ያላት ሴት ለግዙፍ ወታደር በተሠራ መያዣ እንድትለማመድ ማስገደድ ስንፍና ነው፤ ጦሩም የሚቀያየር ሽጉጥ የፈለገው በከፊል ለዚህ ነበር። ስለዚህ ልዩነት እናድርግ። ከፋብሪካው ጋር አብሮ የመጣውን የመያዣ ጀርባ በልክ መቀየር፣ ለዓይን የሚጎላ ማነጣጠሪያ መግጠም፣ ቃታውን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ጥሩ አፎት መግዛት ሽጉጡ እንዴት እንደሚተኩስ አይነኩም፤ ሰውየውን ከመሣሪያው ጋር ያስማማሉ። እነዚህን በመጀመሪያው ቀን ቢያደርጋቸው አልቃወምም። ቃታን፣ ሞላን፣ መርፌን፣ መቆለፊያን የሚነካው ግን ሌላ ዓይነት ሥራ ነው። ሁለቱን «ማሳመር» በሚል አንድ ስም መጥራት ነው ነገሩን ያደበላለቀው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል። ጠንካራ ቃታ ራሱ አደጋ ነው ይላሉ፤ ማስረጃም አላቸው። የኒውዮርክ ከተማ ፖሊስ ለረጅም ጊዜ ቃታቸው ወደ 5.4 ኪሎ የሚጠጋ መሳብ የሚጠይቅ ሽጉጦች ይጠቀም ነበር፤ የተለመደው ግሎክ ግን 2.5 ኪሎ ገደማ ይበቃዋል። ራንድ የተባለው የጥናት ተቋም በ2008 ባወጣው ሪፖርት ከ1998 እስከ 2006 በነበሩ የተኩስ ልውውጦች ፖሊሶቹ ከተኮሱት ዒላማውን ያገኘው 18 በመቶው ብቻ መሆኑን፣ ተጠርጣሪው መልሶ ካልተኮሰም 30 በመቶ መሆኑን ገልጾ፣ ቀለል ያለ ቃታ እንዲፈተሽ መክሮ ነበር። ታዲያ ቃታ ማቅለል ለምን ይወገዛል? እኔ ይህን ምሳሌ የምወደው ለተቃራኒው ጎን ስለሚመሰክር ነው። ያ ከባድ ቃታ ራሱ ቅየራ ነበር። ከፋብሪካው የመጣውን መደበኛ ቃታ ትቶ «ከባድ ከሆነ አደጋ ይቀንሳል» በሚል ስሜት የተመረጠ ነው። ስሜቱ ትክክል መስሎ ለዓመታት ሲቆይ ያሳጣውን ያሳየው የተቆጠረ መረጃ ነው። እንደዚያ በመረጃ የሚመጣ ለውጥ ሲሆን፣ ያውም በፋብሪካው ክፍል፣ በባለሙያ እጅ፣ ከዚያ በኋላ በሚደረግ ልምምድ፣ ምንም የምቃወምበት ምክንያት የለኝም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከስፖርተኞቹ ይመጣል። በ1976 በሚዙሪ ግዛት ኮሎምቢያ ከተማ ዓለም አቀፉ የተግባር ተኩስ ኮንፌዴሬሽን ከተመሠረተ ወዲህ ቅየራ የሌለበት የውድድር ሽጉጥ ብዙም አይገኝም። እውነት ነው፤ ግን የውድድር ተኳሽ በዓመት በአሥር ሺዎች ይተኩሳል፤ የትኛው ሞላ በስንተኛው ጥይት እንደሚደክም ያውቃል፤ ሽጉጡ ቢነክስበት የሚያጣው ነጥብ ነው። ቅየራው ከልምድ በኋላ የመጣ ነው። እሱን ዓይቶ ውጤቱን ብቻ የሚገለብጠው ሰው ልምዱን አልገለበጠም። በመጨረሻ ዋጋው አለ። የ9 ሚሊ ሜትር ጥይት በአሜሪካ አንዱ ከ25 እስከ 30 ሳንቲም ገደማ ሲሸጥ አምስት መቶ ጥይት ማለት 150 ዶላር የሚጠጋ ነው፤ ሦስት ሺህማ ለብዙ ሰው የማይታሰብ ነው። ይህን አልክድም። ይሁን እንጂ ከሌላ አምራች የተገዛ አንድ ቃታ ከነመግጠሚያው ብዙ ጊዜ ከዚያ አምስት መቶ ጥይት አይረክስም። ገንዘቡ ካለ፣ ጥይቱ ስለ ሽጉጡም ስለ እጁም ያስተምራል፤ ቃታው አያስተምርም።

ይህ ሁሉ ለአማርኛ አንባቢ ምኑ ነው የሚል ቢኖር፣ በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በአትላንታ፣ በሚኒያፖሊስ፣ በላስ ቬጋስ ሱቅና ነዳጅ ማደያ የሚያስተዳድሩ፣ ሌሊት ታክሲ የሚያሽከረክሩ ወገኖቻችን ውስጥ የመጀመሪያ ሽጉጣቸውን የሚገዙ አሉ፤ መካሪያቸውም ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለው የአንድ ቀን ግምገማ ነው። ለእነሱ ከሽጉጡ ጥራት በፊት የሚመጣ የሕግ ጉዳይም አለ። በጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ በፌዴራል ሕግ መሣሪያ መያዝ አይችልም። ሽጉጥን ቃታው አንዴ ሲሳብ ያለማቋረጥ እንዲተኩስ የምታደርገው ጥፍር የምታክል መሣሪያ ደግሞ ባለቤቱን እስከ አሥር ዓመት እስር ልታደርሰው ትችላለች፤ ለጨዋታ ገዛኋት ማለት አያድንም። ከኋላችን ያለው ልማድም ቢሆን እዚህ ላይ የሚለን ነገር አለው። አያቶቻችን የፈረንሳዩን ጠመንጃ ውጅግራ፣ የእንግሊዙን ሰናድር፣ የኦስትሪያውን ምንሽር ብለው በራሳቸው አፍ ሲያጠምቁ ሰደፉን በናስና በብር ያስጌጡት ነበር። ያጌጠው ሰደፉ ነው፤ መርፌው አይደለም።

ስለ አዲስ ሽጉጥ የሚጽፍ ሰው ከዚህ በኋላ ቢያንስ አራት ነገር በመጀመሪያው አንቀጽ ቢያሰፍር ጥሩ ነበር። ሽጉጡን ፋብሪካው ላከለት ወይስ ከሱቅ ገዛው፤ ስንት ጥይት፣ የማን ሥሪት ጥይት ተኮሰ፤ ስንት ጊዜ ከሸፈ፣ ስንት ጊዜ ነከሰ፣ በስንተኛው ላይ፤ ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ የተነካ ክፍል አለ ወይስ የለም። የመያዣው ምቾትና የቃታው ለስላሳነት ከዚያ በታች ይምጣ። የአር51 ገምጋሚዎች የመጀመሪያውን ጥያቄ ብቻ በደማቁ ቢመልሱት ኖሮ፣ ከሱቅ የገዛው ሰው ያነበበው ስለ ሌላ ሽጉጥ መሆኑን በጊዜ ያውቅ ነበር።